«ቦጥ» ብላ ያነበበችው ልጅ

ሐመልማል ሶዶ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ የተማረች፣ ወላይትኛ ሲያወሯት እየገባት በአማርኛ የምትመልስ ሴት ናት። እንዲህ ያለ ሰው ሶዶ ውስጥ ሞልቷል፤ ማንም ነውር አይለውም። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ግድም ከኮሌጅ ወጥታ ጉኑኖ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የትንንሽ ልጆች እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና ስትመደብ፣ እኔ የሚጎድለኝ ነገር ይኖራል ብላ አላሰበችም። ያሰበችው ልጆቹ የሚጎድላቸውን ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ድመት ሣለችና ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ካት» ብላ ጽፋ ፈጠነች የምትባል ልጅ አስነሣች። ፈጠነች የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳታነብ የማትጥል፣ የአንድ ለአምስት ቡድኗ መሪ የሆነች ልጅ ነበረች። ፊደሎቹን ተራ በተራ አየቻቸውና በልበ ሙሉነት «ጫት» አለች። አባቷ አቶ ቦልቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሐመልማል ይቺ ልጅ ይህን ከየት አመጣችው ብላ ደነገጠች። በማግስቱ ሣጥን ሥላ «ቦክስ» ብትጽፍላት «ቦጥ» አለች። ስድስት ቁጥርን በፊደል «ሲክስ» ብላ ብትጽፍላት ደግሞ «ሲጥ»። ክፍሉም ተከትሏት «ሲጥ» አለ።

ጆሯቸው ትክክለኛ እንግሊዝኛ ሰምቶ ስለማያውቅ ነው ብላ ደመደመች። መድኃኒቱንም ሶዶ፣ ኢንተርኔት ቤት አገኘችው። ለሕፃናት እንግሊዝኛ የሚያስተምር የውጭ ድረ ገጽ ነው፤ ሥዕሉን ሲጫኑት አንዲት ፈረንጅ ፈገግ ባለ ድምፅ ስሙን ትጠራለች። ሐመልማል ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ተቀምጣ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠባት፣ ድምፁን ስታወርድ ትውላለች። ሰኞ በፍላሽ ይዛው ትመጣና ትምህርት ቤቱ ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ትከፍተዋለች፤ ልጆቹም እየተጋፉ ይከቡታል። እንዲያ የለፋች መምህርት በወረዳው አልነበረችም። የሚያሳዝነውም ይኸው ልፋቷ ነው።

ደንብ አወጣች፤ ኮምፒውተሩ ሳይናገር ማንም አይናገርም። ልጆቹ ድምፁን እየተከተሉ «ካት»፣ «ቦክስ» ማለት ለመዱ። ፈጠነች ግን ፊደል ካየች አፏ አይታገሥላትም። ቀድማ «ቦጥ» ትላለች፣ ክፍሉ ይስቃል። አንድ ቀን ሐመልማልም አብራ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሳቁ አመለጣት እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው ላይ የልጅቷ ስም «ቦጥ» ሆኖ ቀረ፣ የቡድን መሪነቱም ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

«መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይበል፤ ከዚያ አንቺ ትያለሽ» አለቻት ሐመልማል፣ ጭንቅላቷን እየደባበሰች።

ልጅቷም ታዘዘች። ከወረዳ ሰዎች መጥተው ትምህርቱን ሲጎበኙ ፈጠነች ከኋላ ተቀምጣ ከሁሉ እኩል፣ ልክ እንደ ድምፁ «ቦክስ» አለች። ለሐመልማል ተጨበጨበላት። ልጅቷን አዳንኳት ብላ ደስ አላት።

ሁለተኛው መንፈቅ ላይ የወላይትኛው መምህር ሚልክያስ ለለቅሶ ቦምቤ ሄደና ሐመልማል ክፍሉን እንድትይዝለት ተደረገ። ሰሌዳው ላይ የእሱ ጽሑፍ ገና አልጠፋም ነበር። ወላይትኛ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ መቼም ታውቃለች፤ በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ላይ ከአማርኛው ጎን አለ፣ ግን አንድም ቀን ዓይኗ አርፎበት አያውቅም። «እስቲ አንብቡልኝ» አለቻቸው። ልጆቹ አንድ ላይ «ጦሳ» አሉ። ጦሳ እግዚአብሔር ማለት እንደሆነ ሶዶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የቃሉ መጀመሪያ ግን የእንግሊዝኛው ኤክስ ነው። ቀጥለው «ጪማ» አሉ፣ ሽማግሌ ማለት ነው። እሱም በእንግሊዝኛው ሲ ይጀምራል።

ጠመኔውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ኤክስ «ጥ» ነው፣ ሲ «ጭ» ነው። ፈጠነች አንድም ፊደል አልሳተችም ነበር። ይህ ፊደል በወላይትኛ እንዲህ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል ብሎ መንገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ኔትወርክ አያስፈልግም።

ሚልክያስ ሲመለስ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«እዚሁ ተወልደሽ ይህን አታውቂም ብዬ እንዴት ልገምት?» አላት። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ፈጠነች በእኔም ክፍል ማንበብ ትታለች። አሟት ነው ብዬ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ ሐመልማል ባስተማረችባቸው ዓመታት ሁሉ ትምህርቱን የምትጀምረው ሁለቱን አነባበብ ጎን ለጎን አስቀምጣ ነው። ድረ ገጹንም አልተወችውም፤ ከንባብ በኋላ ታሰማቸዋለች። ጎበዝ መምህርት ይሏታል፣ ውሸትም አይደለም። እሷ ግን ይህን በሰማች ቁጥር ሚልክያስን ያነጋገረችበት ቀን ይመጣባታል።

የዚያን ዕለት ፈጠነችን ለብቻዋ ባዶ ክፍል ውስጥ አስገብታ ጎኗ ተቀመጠች። «ትክክል ነበርሽ፤ ያላወቅሁት እኔ ነኝ» አለቻት። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ሐመልማል ተነሥታ ከሚልክያስ ሰሌዳ የገለበጠችውን፣ የልጅቷን የገዛ ቋንቋ ቃል፣ በኤክስ ጀምራ «ጦሳ» ብላ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው።

«በይ እስቲ የኔ እናት፣ እንደ ድሮሽ አንብቢልኝ።»

ፈጠነች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከንፈሯ ሊላቀቅ ብሎ ተመልሶ ገጠመ።

«ቲቸር» አለች ቀስ ብላ፣ «ኮምፒውተሩ እኮ አልተከፈተም።»