በስፖርት ቸርኬ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ አያት ሰፈር በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ናትናኤል አሮጌ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ቸርኬዎቹን ግድግዳው ላይ ደርድሮ፣ ጭንቅላቱን ሲያክ አገኘሁት። "ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱኝ፤ አስራ ስድስት ይሻላል አስራ ሰባት?" አለኝ። በቃ፣ ዳቦው ተረሳ። ጎረምሳው የጠየቀኝ ስለ ጎማ ነው፤ እኔ ግን የሠላሳ ምናምን ዓመት ወሬ ነው አፌ ላይ የመጣብኝ።

እኔም አንዲት ነበረችኝ። ቀይ፣ ጃፓን ሠራሽ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚል። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛኋት። የኋላ ወንበር አላት ይባላል፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ወንበር ሳይሆን መደርደሪያ ነበር። ያኔ ቦሌ እንደዛሬው ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። እሁድ ከሰዓት ካፌ በር ላይ መኪና አቁሞ ማኪያቶ መጠጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ እኔም ከሥራዬ አልቀርም። ከምሕረት ጋር የተዋወቅነው እዚያው ነው። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና "ቆንጆ ናት፤ ጫማዋ ግን የአሮጊት ነው" አለችኝ። ጎማዋን ማለቷ ነው። ወይ ጉድ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመኪናዋ ላይ ሌላ ነገር አልታይህ አለኝ።

ገርጂ አንድ ጎሚስታ ቤት አብረን ሄድን። ሰውዬው ስፖርት ቸርኬዎቹን መሬት ላይ ዘረጋልን። እኔ ፋብሪካው የሰጣት አስራ አምስት ቁጥር አይነካ ባይ ነበርኩ፤ ቢበዛ ቢበዛ አስራ ስድስት። ምሕረት ግን ጫማ እንደሚገዛ ሰው ራቅ ብላ፣ ቀረብ ብላ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችና አስራ ሰባቱ ላይ ቆመች። ጎሚስታው "ቸርኬው ሲያድግ ጎማው ይሳሳል። ጉድጓድ ስትገቡ ወገባችሁ ነው የሚያውቀው" አለ። "ወገባችን ጤነኛ ነው" አለችው። ተገጠመ። ታዲያ በዚህ መች አበቃ! በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ያለው ክፍተት ዓይኔን ወጋኝና ሞላዋን አስቆረጥኩት፤ መኪናዋ መሬቱ ላይ ልጥፍ አለች። ማርሚታዋንም በሚያጓራ ልለውጥ ስል ምሕረት "ተው እንጂ፣ አባዬ አያት ድረስ ይሰማዋል" ብላ ከለከለችኝ።

አባዬ የምትላቸው አቶ ገብረመስቀል መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው አያት ቤት ሠርተው የገቡ፣ ልታይ ልታይ የሚል ሰው የማይሆንላቸው አባት ነበሩ። ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከውን ልጅ "ጉረኛ ነው" ብለው መልሰውታል። የእኔም ቢመለሱ እሷ አባቷን አስቀይማ እንደማትወጣ ቁርጡን ነግራኛለች። ልመናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። እኔ ያንን አንድ ጊዜ በቀይዋ መኪና ጫንኩት።

አጎቴ ጋሽ አስፋው "ለምን በታክሲ አንሄድም?" ብለው ነበር። "ምን ሲደረግ! የእኔ ሽማግሌ በሚኒባስ ሊጋፋ?" አልኳቸው። በወጉ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይታይም፤ ስለዚህ እኔ ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ አወርዳቸውና ማጠፊያው ጋ እደበቃለሁ። ከቆንጆ መኪና ሲወርዱ ከታዩልኝ ሌላ አልፈልግም።

የጥቅምት እሁድ ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ቦይ ቦይ የሆነበት። ጋሽ አስፋው ቤት ቋንጣ ፍርፍር ደህና አድርገን በላንና ተነሳን። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብሩ ከፊት ተቀመጡ፤ ጥምጥማቸው ጣሪያውን ነካ። አጎቴና የእድራችን ዳኛ ከኋላ ገቡ፤ ገቡ ከተባለ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። "ልጄ፣ ይሄ ወንበር ነው ቅጣት?" አሉ ጋሽ አስፋው።

አስፋልቱ ላይ ተንሸራተትን፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን የመጀመሪያው ቦይ ላይ ጎማው ፓራፋንጎውን እርርር አድርጎ በላው። ለካ መኪናዋን የለካኋት እኔና ምሕረትን ብቻ ጭኜ ነው!

"የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" አሉ መምሬ።

"ጎማ ነው አባ፣ አይስጉ።"

"በስመ አብ!"

ወረዱ፤ መኪናዋ ከፍ አለች፤ ቦዩን አለፍኩ፤ ገቡ። እንደገና እርርር። እንደገና ወረዱ። ጋሽ አስፋውን ከኋላ ለማውጣት እኔና መምሬ አንድ አንድ እጃቸውን ይዘን እንስባለን። በመጨረሻ መምሬ ጋቢያቸውን አጣፉና "እኛ እንቅደም፤ አንተ ተከተለን" አሉኝ።

አቶ ገብረመስቀል በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ያዩት እንግዲህ ይህንን ነው፤ ሦስት ሽማግሌዎች እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው በእግር ሲመጡ፣ ከኋላቸው ባዶ ቀይ መኪና ስትጎተት። መደበቂያም አላገኘሁ፤ በሩ ፊት ቀረሁ። አለቀልኝ አልኩ።

የውስጡን አጎቴ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ሽማግሌ "ተቀመጡ" ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ቆሞ ነው የሚለምነው። መምሬ ገብሩ ገና "ተቀመጡ" ሳይባሉ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ! አቶ ገብረመስቀል ገርሟቸው "መኪና እያለ ምነው በእግር?" ሲሉ መምሬ ምንም ሳይዋሹ "እኛ ቀደምን፤ ልጁም አክብሮ ከኋላ ተከተለን" አሉ። ይህን ሲሰሙ ሰውዬው ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ።

መጡና መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ጣታቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም።

"ይህን ጎማ የመረጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አልኩ።

"እኔ ነኝ አባዬ" አለች ምሕረት ከበሩ። "እሱ አስራ አምስቱ ይበቃል ነው ያለው። እኔ ነኝ አስራ ሰባት ያልኩት።"

በወጉ እሷ እኔንም መኪናዬንም አታውቅም፤ አብረን ሄደን ጎማ መምረጣችንን በአንድ ትንፋሽ አፈረጠችው። አቶ ገብረመስቀል እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጎማውን አዩ።

"የመረጥሽው አንቺ ከሆንሽ እንግዲህ" አሉ፣ "አብረሽው ተንገጫገጪ!"

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቁ ነው።

"ፈቀዱ ማለት ነው?" አሉ ጋሽ አስፋው በበሩ ብቅ ብለው። መምሬ ከውስጥ "እኔ መኪናዋን ድጋሚ አልሳፈርም፤ መልሱ ዛሬውኑ ይነገረን!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅቅል ቀረበ፤ እኔም ወግ ፈርሶ ገብቼ በላሁ። ሽማግሌዎቹን አቶ ገብረመስቀል ራሳቸው በፒካፓቸው መለሷቸው።

ይህን ሁሉ ነግሬው ናትናኤል አስራ ሰባቱን ገጠመ፤ ማን ይሰማል! ትናንት "ኑ ላንሸራሽራችሁ" ብሎ ወደ ቦሌ ይዞን ወጣ። ምሕረት ማንንም ሳትጠይቅ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ተጣጥፌ ገባሁ። ከግቢው ስንወጣ ኮብልስቶኑ ላይ ጎማው ዘሎ ጉልበቴ አገጬን መታኝ፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድንገት ፊቴ ድቅን አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ አንዳቸውም ሰውዬው ፊት "ልጁ አሰቃየን" አላሉም እኮ። ያን ቀን በአፌ አመስግኛቸው ነበር።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ለማን ነው?" አለች ምሕረት ዞር ብላ።

"ለሽማግሌዎቻችን" አልኳት፤ "ውለታቸው ለጉልበቴ ገና አሁን ነው የገባው።"