አባቴ የመሰከሩልኝ ስም

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ወጣት ሐኪም ስልኳን ይዛ መጥታ አንድ መልእክት አሳየችኝ። ውጭ አገር ለሐኪምነት የሚያበቃውን ፈተና ልትፈተን ተመዝግባ፣ «በፓስፖርትሽና በዲግሪሽ ላይ ያለው ስም አይመሳሰልም» ብለዋታል። ሳነበው ደሜ ፈላ። ከሃያ ዓመት በፊት ለእኔም የጻፉልኝ ይህንኑ ነበር።

ያኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። የመጀመሪያውን ፈተና አልፌ ለሁለተኛው እያነበብኩ ነው። ዲግሪዬ ላይ የሰፈረው የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ሲሆን ፓስፖርቴ አያቴንም ጨምሯል። ፈታኞቹ ደግሞ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ስለሚይዙ ሁለት ሰው መሰልኳቸው። እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ስም እንደሌለ ብጽፍ ብጽፍ መልሳቸው አንድ ነው፦ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ፣ ከዚያም ከተማርኩበት ቦታ በቀጥታ የሚላክ ደብዳቤ።

ምስክር እንዲሆኑኝ አባቴን ከስማዳ አስጠራኋቸው። ኅዳር ነበር፤ የገብስ አጨዳቸውን ጥለው፣ በሶ ቋጥረው፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው ደረሱ።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ምንም አላጠፋሁም፣ አባዬ። እኔ እኔ መሆኔን እንዲመሰክሩልኝ ነው።»

«ይኼ ደግሞ ምን ምስክር ያሻዋል?»

ፍርድ ቤት ቀርበን ዳኛዋ «አባቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» ሲሏቸው ዘወር ብለው አዩኝ። «የወለድኩትን? ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ!» አሉና የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ጸሐፊው ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ማረጋገጫው በሳምንቱ ወጣ። የቀረው ደብዳቤው ነበር። ወደ ተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ቀጥሎ ማኅተም ያዧ ወሊድ ወጥታለች፤ በሦስተኛው «ተልኳል፣ እርስዎ ዝም ብለው ይጠብቁ።» ደብዳቤው ፈታኞቹ ዘንድ የደረሰው የሰጡኝ ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ነው። ምዝገባዬ ተሰርዞ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር ተባልኩ። አልጀመርኩም፤ አቅሜ አልቆ ነበር።

ለአባቴ ስነግራቸው ቀስ ብለው፣ «ታዲያ እኔን አላመኑኝም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የደብዳቤውን ነገር ባስረዳቸውም አልገባቸውም።

ልጅቷን ዛሬውኑ ደብዳቤውን ማስጻፍ ጀምሪ፣ መላኩን በዓይንሽ ሳታዪም ከዚያ ቢሮ አትውጪ አልኳት። እኔን ሰዎች «ለበጎ ነው፤ እዚህ ቀርተህ ስንቱን አዳንክ» ይሉኛል። ይሁን። ግን ተፈትኜ ወድቄ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ጥያቄውን እንኳ ሳላየው ነው የቀረሁት።