ለጃዝ የተላከ ሽማግሌ

በስደት አገር፣ ክሬጊበርን በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እየነዳሁ፣ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኋቸው ሲዲዎች ክላሲካል ሙዚቃን ብቻዬን ተማርሁ። አስተማሪ የሌለው ሰው ራሱን ቶሎ ያስመርቃል፤ እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ ዳኛ ሆንሁ። ክላሲካል ሥርዓት ነው፣ ጃዝ ስካር ነው ብዬ ለልጆቼ ደነገግሁ።

ታላቋ ልጄ ካርልተን ሰፈር አጠገብ ባለ ዩኒቨርሲቲ የዘፈን ድምፅ ስታጠና፣ ለማኅበርተኞቼ ሁሉ አወራሁ። በሦስተኛው ዓመቷ ተማሪዎቹ ኦፔራ ሊያሳዩ ተነሡ። ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ ነው። ጃዝ ያኔ ለአገሩ እንግዳ ነበርና፣ ደራሲው ሁለቱን ሙዚቃዎች መድረክ ላይ ያጣላቸዋል። ለልጄ የደረሳት የጃዙ ወገን ነው፤ የመሸታ ቤት ዘፋኝ።

አትዘፍኚም አልኋት። እዘፍናለሁ፤ መጥተህ ካልሰማኸኝ ግን ከእንግዲህ ስለ ድምፄ ለማንም እንዳታወራ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ሲጨንቀኝ ያደግሁበትን መንገድ ያዝሁ፤ የማከብራቸውን አዛውንት ከያራቪል ሰፈር ለሽምግልና አመጣሁ።

ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የሁለታችንንም ቃል ሰሙ። ድንበርም ትዳርም አስታርቄአለሁ፣ በዜማ የተጣላ ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ አሉ። በደሏ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ቢጠይቁኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጃዝ» አልሁ። ከዚያ ልጄን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ዘፈን እንድታሰማን አዘዟት።

የመጀመሪያው ዘፈን ይዘላል፣ ይጮኻል፤ ፊቴን አጨፈገግሁ። ሁለተኛው ዝግ ያለ፣ ሐዘን ያለበት ነበር። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ስገልጠው ረጥቧል።

«አዩ ጋሼ? ክላሲካል ማለት ይህ ነው» አልሁ።

«ዳድ» አለች ልጄ ቀስ ብላ። «ይሄ የእኔው ነው። ክላሲካሉ የፊተኛው ነበር።»

ጋሼ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

«የገዛ ጆሮህ መሰከረብህ» አሉኝ። «ካሳ አለብህ። ከፊት ወንበር ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው ትሰማታለህ። አስተያየትህንም እዚያው ትውጠዋለህ።»

ክራባት አስሬ ሄድሁ፤ ጋሼም እንዳላፈነግጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ጃዝ ስካር ነው የሚለውን አዋጄን እስከ ዛሬ በአደባባይ አልሻርሁትም። የዚያን ቀን ግን ልጄ ዘፍና ስትጨርስ ብድግ ብዬ አጨበጨብሁ፤ አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላም አላቆምሁ። ጋሼ ኮቴን ጎትተው አስቀመጡኝ።