ግራ እጄን ስጠብቅ

መርፌ ይዞ ለቀረበኝ ነርስ ሁሉ «በቀኙ» እል ነበር። ግራ እጄ የጊታር ክር የሚይዘው ነው፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። ጀሪካን አላነሳበትም፣ በር አልዘጋበትም። ሚስቴ «እሱን ብታገባ ይሻልህ ነበር» ትለኝ ነበር። ፊዚክስ ላስተምር ተመድቤ ጅግጅጋ ከመጣሁ በኋላ ኩላሊቴ ሲታመም፣ ደም የተቀዳሁትም ግሉኮስ የተሰካልኝም በቀኙ ብቻ ነው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

የኩላሊት እጥበት መጀመር የግድ ሆነ። ለዚያ ደግሞ ክንዴ ላይ ጠንካራ ደም ስር በቀዶ ሕክምና መዘጋጀት አለበት ተባልኩ። እንደ ልማዴ ቀኙን ዘረጋሁ። ሐኪሙ አሰረው፣ ዳበሰው፣ መታ መታ አደረገው፣ ፈታው።

«መምህር፣ ይሄ በመርፌ አልቋል። የግራው ግን ምንም አልሆነም። እንዴት እንዲህ ጠበቁት?»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዙ እንደሆነ ጠየቅሁት። አንዳንድ ሰው ላይ ይከሰታል አለኝ። ዋሽቶኝ ቢሆን በወደድኩ።

ባጃጅ ውስጥ «በቃ፣ ይቅርብኝ» አልኳት ሚስቴን።

«ምኑ ነው የሚቀርብህ? ጊታሩ ነው ወይስ እኔ?»

ቤት እስክንደርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። በማግስቱ ሄጄ ግራ እጄን ሰጠሁ።

ድራም የሚመታልኝ የሀርሺን ከተማ ልጅ ነው፤ ጎማ ይሸጣል። ከሱቁ ጀርባ፣ በተደራረበው ጎማ መሃል ሮክ እንለማመዳለን። ሠርግ የሚደግስ ኪቦርድ እንጂ የእኛን ጩኸት አይፈልግም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ጄኔሬተሩን ዛሬም አመመው?» እያለ ያልፋል። እኛ ግን አንሰለችም። ወደ ዘፈኑ የምንገባው በዓይን ተጠቃቅሰን ነው። እሱ ዱላውን ከፍ አድርጎ ያየኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ካቀረቀርኩ «ወላል፣ ቀና በል» ይለኛል። ወላል ማለት በሶማልኛ ወንድሜ ማለት ነው።

ቁስሉ ደርቆ ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ወደ ጎማው ሱቅ ሄድኩ። እጄ በዚያ ሙቀት እንኳ ይቀዘቅዘኝ ነበር። ጊታሩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካሁ። ጠቋሚ ጣቴ ታዘዘኝ። የቀለበት ጣቴ ግን ክሩ ላይ መሆኑን የማውቀው ሳየው ብቻ ነው፤ ዓይኔን ካነሳሁ ይንሸራተታል።

«ቀና በል እንጂ» አለኝ።

ቀና አልኩ። ድምፁ ተበላሸ። ደገምን፤ ያው ነው።

«አንተን ካየሁ ጣቴ ይጠፋኛል፤ ጣቴን ካየሁ አንተ ትጠፋኛለህ። አበቃ» ብዬ ገመዱን ነቀልኩ።

እሱ ተነሳ። አዝኖልኝ ሊወጣ ነው ብዬ ነበር፤ ያን ደግሞ አልችለውም። ወንበሩን አንስቶ በግራዬ በኩል፣ ከጊታሩ አንገት ፊት ለፊት አስቀመጠው። ተመልሶ አንዱን ድራም አመጣ። ቀጥሎ ትልቁን እየጎተተ። ጎማዎቹን በእግሩ ገፍቶ ቦታ አሰፋና ተቀመጠ።

«ሰካው» አለኝ። «አንተ እጅህን እይ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሰካሁት። ጣቴን አየሁ፤ ከጣቴ ጀርባ ዱላውን ከፍ አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩና አብረን ገባን።