«ታቦቱ ማን ነው?»

ዛሬ ቢቸና፣ ቤታችን ገብቼ «አባባ፣ የሠራተኛ ማኅበር ገባሁ» አልኳቸው።

«ታቦቱ ማን ነው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ጣት የሌለውን ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

(ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ፣ እጃቸውን ምን እንደነካው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ።)

በጃንሆይ ጊዜ የሞጣ መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። አንድ ቀን የማያውቁት ሰው መጥቶ «ማኅበር ግቡ» ይላቸዋል። አባባ ያኔም የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ «ታቦቱ ማን ነው?»

ሰውየው ሳይመልስ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ አባረረው።

«እኔማ የሚካኤልን ጽዋ እጠጣለሁ፣ ሁለት ማኅበር አልችልም ብዬ ተውኩት» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ድማሚት ጣቶቻቸውን ወሰደ። ካቦው በማግሥቱ አሰናበታቸው።

የሚካኤል ማኅበርተኞች ጠላና ዳቦ ይዘው መጥተው አብረዋቸው አለቀሱ። ካቦው ፊት ቆሞ «ይህ ሰው የት ይውደቅ?» የሚልላቸው ግን አልነበረም።

ልወጣ ስል በደህናው እጃቸው ያዙኝ። «ልጄ፣ እንደኔ ያለ ሰው ሲጠይቃችሁ አስረዱት» አሉኝ።

እናንተ ቤትስ የሚያስረዳው አጥቶ ከማኅበር የቀረ አባት አለ? ንገሩኝ። አልስቅም።