በእናቴ ላይ የቆለፍኩት በር

እናቴ መጀመሪያ የረሳችው ስልክ ቁጥሬን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደለም። እሷ ግን ደሴ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ ቁጥር በቃሏ ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘኋት። "ልደውልልሽ ብዬ፣ መጨረሻ ላይ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋኝ" አለችኝ። ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቶሮንቶ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቴ ሲያርፍ ብቻዋን እንዳትሆን ስፖንሰር አድርጌ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የምንኖረው ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተንከባካቢነት ነው። የሰው እናት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፐዝል የሚሉትን የተቆራረጠ ሥዕል አብሬ እገጣጥማለሁ። የእኔ እናት በዚያው ሰዓት በማታውቀው ቋንቋ የሚናገር ቲቪ ፊት ተቀምጣለች።

ከቁጥሩ በኋላ ቃላት ጠፉ። ማንኪያውን "ያ ነገር" ማለት ጀመረች። አንድ ጥያቄ አራት ጊዜ ትጠይቀኛለች። ስጠይቃት ደግሞ ያልጠየቅኳትን ትመልሳለች። ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት።

በረዶው በከበደበት ሰሞን በነጠላ ጫማ ወጣች። የባስ ሾፌር ፌርማታ ላይ አይቶ አስገባት፤ ከዚያ ፖሊሶች ወደ ቤት መልሰው አመጧት። የእግሯ ጣቶች ነጭ ሆነው ነበር። "የት ልትሄጂ ነበር እማዬ?" አልኳት። "ሥራ ረፍዶብኝ" አለች።

በሳምንቱ የበሩን ቁልፍ አስቀየርኩ። ከውስጥም ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ አንድ ነው። ይዤው እወጣለሁ።

እሳት ቢነሳስ? አሰብኩት። አሰብኩትና ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው ከመካከላችሁ ዛሬ ጠዋት እንደዚሁ ቆልፎ ሥራ የገባ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ፊት ለፊታችን ዶኛ ሮዛ ይኖራሉ። የኢኳዶር ሴት ናቸው፣ "ዶኛ" እንደ እኛ "እትዬ" ነው፤ ሰባዎቹን አጋምሰዋል። አንድ ቀን ሊፍቱ ጋ ጠብቀው ያዙኝ። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው፤ የእኔም ብዙ አይሻልም።

"እናትሽ ቀኑን ሙሉ በሩን ታንኳኳለች" አሉኝ።

ንግግራቸውን ቀጠሉ።

"መጀመሪያ አሟት መሰለኝ። መልሼ አንኳኳሁ። ሦስት ስትመታ ሦስት መታሁ። ከዚያ አምስት መታች። ተሳስቼ አራት ስመልስ እንደገና አምስት መታች። እስካስተካክል አለቀቀችኝም።"

ለካ ወንበር አውጥተው ኮሪደሩ ላይ እየተቀመጡ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእናቴ ጋር በዚያ በር ሲነጋገሩ ከርመዋል።

"ይቺ ሴት አእምሮዋ አለ" አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን ስጪኝ።"

ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሥራ ቀርቼ ለዶክተር ደወልኩ። ቀጠሮው ሲደርስ ሐኪሞቹ የሰዓት ሥዕል አሳሏት፣ ቃላት አስደገሟት፣ ደም ወሰዱ፣ ጆሮዋን መረመሩ።

"ማይልድ ኮግኒቲቭ ኢምፔርመንት ይባላል" አለን ዶክተሩ። "ማስታወስና ማሰብ ከዕድሜ በላይ ሲዳከም ማለት ነው። ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት በሽታ ገና አይደለም። ወደዚያ የሚሄድ አለ፣ ባለበት የሚቆይ አለ፣ የሚሻለውም አለ።" ቪታሚን ቢ 12 በጣም አንሷታል። ሁለቱም ጆሮዎቿ ደክመዋል። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ "እናትሽ በቀን ስንት ሰው ያናግራሉ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እኔን ብቻ" አልኩት።

የቪታሚኑ መርፌ ተጀመረ፤ የጆሮ ማዳመጫም ተሠራላት። ሰው የማግኘቱን ነገር የተወጡት ዶኛ ሮዛ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለእሳቸውም ይኸው የሕመም ስም ተነግሯቸው ኖሯል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሕንፃችን ሥር ባለው የመሰብሰቢያ ክፍል ስፓኒሽ ተናጋሪ አረጋውያን ይገናኛሉ፤ ከኢኳዶር፣ ከኮሎምቢያ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ። ነጠብጣብ ያለባቸውን ድንጋዮች እየገጠሙ ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በዜና ይከራከራሉ፣ በየሳምንቱ አዲስ ነገር በቃል ያጠናሉ። እናቴን በእጇ ይዘው አስገቧት።

መጀመሪያ ዝም ብላ ታይ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ግን የትኛው ድንጋይ እንዳልወጣ ቆጥራ ደረሰችበትና የአንድ ጡረተኛ ዳቦ ጋጋሪን መጫወቻ መንገድ ዘጋችበት፤ ሰውየው ቆሞ አጨበጨበላት። ቀስ በቀስ እስከ ሃያ በስፓኒሽ መቁጠር ቻለች፤ የምትሰማውን ቃል በደብተር ላይ በፊደላችን እየጻፈች ማታ እያነበበች ታስቀኛለች፤ በጋው ሲገባ ደግሞ ማንኪያን ማንኪያ ማለት ተመለሰላት፣ አልፎ አልፎም በሁለት ቋንቋ። ስልክ ቁጥሬ ግን አልተመለሰም። ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌላታለሁ።

ዶሚኖው ሁለቱን እኩል አልጠበቃቸውም። አንድ ሐሙስ ዶኛ ሮዛ ድንጋዩን እጃቸው ላይ አገላብጠው አዩትና ምን እንደሚያደርጉበት ጠፋቸው። በስድስት ወር ውስጥ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ጠፋ። ቀጥሎ የቤታቸው ቁጥር።

"ከእናቴ በላይ አእምሯቸውን ያሠሩ ነበር እኮ" አልኩት ዶክተሩን።

"ለአንዳንዱ ያዘገየዋል። ለአንዳንዱ አይችልም። ለማን እንደሚሆን አስቀድሜ ልነግርሽ አልችልም" አለኝ።

እኔም አልዳንኩም። ሥራ ቦታ የማሞቂያው ቧንቧ ሲንኳኳ እጄ ባለበት ይቆማል፤ እስኪያበቃ እቆጥራለሁ። አንድ ጊዜ ደፍሬ "እማዬ፣ ያንን በር ታስታውሺዋለሽ?" አልኳት። "የቱን በር?" አለችና ድንጋዮቿን ማሰለፍ ቀጠለች። ረስታው ይሁን ልትምረኝ ፈልጋ፣ አላውቅም።

እዚህ መንገድ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ዕድሜ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጆሮውንም ደሙንም አስመርምሩ፣ የሚታከም ነገር ከሥሩ ሊኖር ይችላል። ቲቪ ሰው አይደለም። የራሳችን ሰው የለም ብላችሁም አትቀመጡ፤ እናቴን የተቀበላት ገበታ አንድ ቃል አማርኛ አያውቅም። ወጥታ ትጠፋለች ብላችሁ ከፈራችሁ ፍርሃታችሁን ለጎረቤት ንገሩ። እኔ ስላፈርኩ ነው የቆለፍኩት።

አሁን እናቴ በየቀኑ ዶኛ ሮዛ ጋ ትሄዳለች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይዘፍናሉ። እሁድ እሁድ እኔም እገባለሁ። በሄድኩ ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ፤ ምንም አልደብቅም፤ ልጃቸው ታስተረጉምልኛለች። እንደ አዲስ ወሬ አዳምጠው ሲጨርሱ እጄን ይይዙኛል።

"ደግ ጎረቤት ነበረቻችሁ" ይሉኛል። "አሁን የት ሄደች?"

"እዚሁ ናት" እላቸዋለሁ።