የፍም ለባሽ ለቅሶ

ባለፈው ሐሙስ አዲሱ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ብቻዬን ተሳደብኩ። ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ዞር ብለው "ምነው እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ደህና አልነበርኩም። መጽሐፍ አዟሪው ክንዱ ላይ ከደረደራቸው መጻሕፍት አናት ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ መጽሔት አይቼ፣ ስሙን ሳነብ ልቤ ድንግጥ ብሎ፣ ገዝቼ እዚያው ገልጬው ነበር። "ፍም ለባሽ እንደገና! ቁጥር አንድ" ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነው ስድቡ ያመለጠኝ።

ፍም ለባሽን ለማያውቅ ላስተዋውቅ። ልጆች ሳለን በአንድ ወርኃዊ መጽሔት የመጨረሻ አራት ገጾች ላይ ይወጣ የነበረ የሥዕል ታሪክ ጀግና ነው። ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ግፍ ሲያይ ግን ሰውነቱ እንደ ፍም ይግላል፣ ብረት ያቀልጣል፣ ግድግዳ በስቶ ያልፋል። የሚለብሰው ጋቢ ብቻ አይቃጠልም። ለምን እንደማይቃጠል ሠዓሊው አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። ወረቀቱ ርካሽ ነበር፣ ቀለሙም ጥቁር ብቻ፣ እሱም ጣት ላይ የሚቀር። ወንዶቹ ጉልበቱን ይወዱለት ነበር። እኔ የምወድለት ከተሳፋሪ ጋር የማይጨቃጨቅ፣ መልስ የማያስቀር ትኬት ቆራጭ መሆኑን ነው። በጉለሌ መስመር ለተመላለሰ ሰው ከብረት ማቅለጡ ይልቅ ተአምሩ ይሄኛው ነው።

አሁን ያ ሰው ምን ሆነ መሰላችሁ? ትኬት መቁረጡን ትቶ በሞባይል ታክሲ የሚያሠማራ ድርጅት ባለቤት ሆኗል። ጋቢውም ቀርቶ የዋናተኛ የመሰለ የተጣበቀ ልብስ አልብሰውታል። ይሄን ሁሉ እንኳ ጥርሴን ነክሼ ባለፍኩት ነበር፤ ጊዜ ይለወጣል፣ ሥዕሉም እውነት እንነጋገር ከተባለ ከድሮው ያምራል። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ፍም ለባሽ ሞቷል። ሞቶ፣ እኛ አልቅሰንለታል። እነዚህ አዲሶቹ ሰዎች ግን "ቁጥር አንድ" ብለው ሞቱን እንደ ጓሮ ቆሻሻ ጠረጉት። ከወንዝ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ፀጉሩን ያራግፋል፣ "ናፈቅኳችሁ?" ይላል። በቃ! የት ነበር የለ፣ እንዴት ዳነ የለ። ንዴቴ እንዲገባችሁ ያንን ለቅሶ ልንገራችሁ።

የሞተ ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ነሐሴ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠሉንም ጭራሮውንም ጠራርጎ እያመጣ የሰፈራችን መንገድ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል መንደሩ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የእኛ ሥራ በቆሎ እሸት ከሚጠብሱት ሴቶች ከሰል ዳር መሞቅና መጽሔቱን መጠበቅ ነበር። አዋጥተን አንድ እንገዛለን፣ ዳኒ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኛ አንገታችንን አስግገን ሥዕሉን እያየን እንሰማለን። በቆሎ የበላ እጅ ገጹን እንዳይነካ ጥብቅ ሕግ ነበረን።

ዳኒ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ነው። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በሰሜን ጦርነቱ ሲነሣ ስንቅ ጭነው ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ጠፋ። ሞቱ የሚል የለ፣ አሉ የሚል የለ። ጦርነቱ አበቃ፣ አንዳንዱ አባት ተመለሰ፣ ለአንዳንዱ ቤት መርዶ መጣ፤ ወደ ዳኒ ቤት ግን አንዱም አልመጣም። እናቱ እትዬ ብርቄ በዚያ ቤት እንባ ከለከሉ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ይሉ ነበር። ዳኒ ሽንኩርት ሲልጥ ዓይኑን ቢጠርግ እንኳ "ምን ሆንክ? ምን ልታመጣብኝ ነው?" ብለው ይቆጡታል። ጎረቤት "አይዞሽ" ሊላቸው ቢመጣ በር ላይ ቆመው "ምን ሆኜ ነው የምጽናናው?" እያሉ ይመልሱ ነበር። በልጅነቴ ክፉ ሴት ይመስሉኝ ነበር።

በዚያ ወር መጽሔት ጎርፍ አንድ አውቶቡስ ከድልድይ ገፍቶ ወንዝ ከተተው። ፍም ለባሽ ውሃ እንደሚያጠፋው እያወቀ ገባ። ተሳፋሪውን እየተሸከመ አወጣ፤ በየሥዕሉ ሰውነቱ እየጠቆረ፣ እየከሰለ ሄደ። ዳኒ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበና መጽሔቱን ወደ እኛ አዞረው። የመጨረሻው ሥዕል ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ጋቢው ብቻውን ውሃው ላይ ተንሳፍፏል።

እኔ ያኔም ንዴተኛ ነበርኩ። ሠዓሊውን ባገኘው በድንጋይ እፈነክተዋለሁ አልኩ። አንዱ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይነሣል ብሎ ተከራከረ። ዳኒ ግን መጽሔቱን አጥፎ እጁ ውስጥ እንደያዘ "ሰው ሞቶ ዝም ይባላል እንዴ?" አለ። "ለቅሶ እንቀመጥ።"

ሳቅን፣ ግን ሐሳቡ ወዲያው ጣመን። በማግሥቱ እትዬ ብርቄ የቋጩትን ነጠላ ሊያስረክቡ ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ እነ ዳኒ ግቢ ተሰበሰብን። አባቱ ትተውት የሄዱት አሮጌ የመኪና ሸራ ጣራው ሥር ተጠቅልሎ ነበር፤ አውርደን ከአጥሩ እስከ ታዛው ወጥረን ድንኳን አደረግነው። ሰሌን አነጠፍን። አንዷ ከቤቷ የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ በሳህን ሰርቃ መጣች። አፌ ስለማያርፍ አልቃሽነቱ ለእኔ ተሰጠ፣ እኔም የእናቴን ነጠላ አዘቅዝቄ መሐል ቆምኩ።

መጀመሪያ ያወረድኩት ሙሾ ቀልድ ነበር፤ ልጆቹ ደረታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፣ ንፍሮው አፋቸው ውስጥ ነው። ዳኒም ይስቅ ነበር። ከዚያ ይቺ ወጣችልኝ፦

መኪናው ተመልሶ ሰው ሁሉ ወረደ፣
የኛ ትኬት ቆራጭ ወዴት ነው የሄደ?

አውቶቡሱን አስቤ ነው ያልኩት፣ ሌላ ምንም በልቤ አልነበረም። ዳኒ ሳቁን አቆመ። ፊቱን ጉልበቱ ላይ ደፋና ከሆዱ የሚወጣ ድምፅ አሰማ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከልጅ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የአባቱን ስም አልጠራም። "ወንድሜ፣ ወንድሜ" ነበር የሚለው፣ ለፍም ለባሽ። ሌሎቹም ንፍሯቸውን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ያችኑ ደጋገምኳት።

እትዬ ብርቄ የገቡት በዚህ መሐል ነው።

"ያን ሸራ ማን ነው ያወረደው?" ብለው ጮኹ። "ማን ሞተብኝና ነው ቤቴ ላይ ድንኳን የምትጥሉት? ሟርተኞች!"

ልጆቹ ወደ አጥሩ ሸሹ። ዳኒ ማልቀሱን ማቆም አልቻለም። መልሱ ለእኔ ቀረ።

"ፍም ለባሽ ነው የሞተው፣ እትዬ ብርቄ።"

"ማነው እሱ? የማን ልጅ ነው?"

"ትኬት ቆራጭ ነው... ማለቴ፣ የመጽሔት ሰው ነው። ጎርፍ ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም።"

ሊመቱኝ የሰነዘሩት እጅ አየር ላይ ቀረ። "አልተገኘም?"

"አልተገኘም። ጋቢው ብቻ ነው የተገኘው።"

እጃቸውን አወረዱ። ከዚያ ድምፃቸው ተለውጦ "እናት አለችው?" አሉ።

አሰብኩ። ሠዓሊው እናቱን ስሎ አያውቅም። "የለችውም መሰለኝ።"

"እንግዲያማ ማን ያለቅስለታል" አሉና የያዙትን ፌስታል መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ሰሌኑ ላይ ከዳኒ ጎን ተቀመጡ፣ አለቀሱ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ የታፈነ ነገር ነው የወጣው። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ እሳቸው "አንተ ልጅ፣ ውሃው አይበርድህም ወይ፣ ማን ደረሰልህ" ይላሉ፣ ስሙን ከቅድም በፊት ሰምተውት በማያውቁት ሰው ላይ።

ድምፁን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። በሰፈራችን መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠየቃል። አንዷ ትንፋሿ ሲመለስ "ለመሆኑ ማነው?" ብላ ሹክ ስትል፣ ሌላዋ "ፍም ለባሽ የሚባል ልጅ ነው አሉ፣ ዘመዷ ይሆናል" ስትላት ሰምቻለሁ። በእውነት ለማን እንደሚለቀስ የገባቸው ግን ብዙዎች ነበሩ። ማንም የእትዬ ብርቄን ባል ስም አላነሣም፣ ማንም አልሳቀም። ሲመሽ ንፍሮውን አብረን በላን፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ተባሉ፣ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ "አሜን" አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማልቀስ ተፈቀደ። የዳኒ አባት ግን እስከ ዛሬ አልመጡም፣ መርዶም የለ።

ታዲያ እኔ ብናደድ ይፈረድብኛል? ያ ሞት የእኛ ነበር። ሠዓሊው ምናልባት ደመወዝ ቢቀርበት ነው የገደለው፣ አላውቅም። ግን ገደለው፣ እኛም ቀበርነው፣ በእሱ ሞት አንዲት ሴት መተንፈሻ አገኘች። አሁን ማንም ተነሥቶ "ቀልዴን ነው፣ አልሞተም" ሊል ይችላል?

ከሰልፉ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ዳኒ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ፤ እዚያው አዲሱ ገበያ ነው። መጽሔቱን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩለት።

"አይተኸዋል ይሄን ጉድ?"

"ከትናንት ወዲያ ገዛሁት።"

"እና ዝም አልክ?"

"ለእማዬ አነበብኩላት" አለ። እትዬ ብርቄ ዛሬ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከአልጋም ብዙ አይወርዱም።

ደሜ ፈላ። "እንዴት ታነብላቸዋለህ? ምን ብለህ ነገርካቸው?"

"ፍም ለባሽ ተመለሰ አልኳት።" አንዱን የፍሬን ሸራ ከመደርደሪያ አውርዶ መልሶ አስቀመጠው። "ቆይታ 'ከስቷል?' አለችኝ።"

መጽሔቱን ከባንኮኒው ላይ አንሥቼ ሦስተኛውን ገጽ እንደገና ገለጥኩ። አልከሳም። ጉንጩ ሞልቷል፣ ደረቱ የጂም ማስታወቂያ ይመስላል፣ ጥርሱ ነጭ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ውሃ ውስጥ የከረመ ሰው!

"ምን አልካቸው?"

"በጣም ከስቷል አልኳት።"

መጽሔቱን ያነበበው ሰው ወሬ ሁሉ ስለ ልብሱ ነው፤ አንዱ ጋቢው ይመለስ ይላል፣ ሌላው አዲሱ ይሻላል ይላል። እኔ ስለ ልብሱ ግድ የለኝም። የሚያንገበግበኝ፣ ያን ሥዕል የሠራው ሰው ቀለምና ኮምፒውተር እያለው፣ ከጠፋበት ስለሚመለስ ሰው አንዲት ደቂቃ እንኳ አለማሰቡ ነው። እትዬ ብርቄ ሃያ ምናምን ዓመት ያሰቡት ይህንኑ ብቻ ነው፤ ምን በልቶ፣ የት አድሮ፣ ማን አልብሶት። ቁጥር ሁለትን አልገዛም። ለሠሪዎቹ ግን መልእክት አለኝ፤ መመለሱ ካልቀረ፣ ከስቶ ይመለስ።